ሁለት እህትማማች መርከቦችና ከሚሴ የቀረው ካፒቴን

ከሚሴ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል «ካፒቴን» ስባል ኖሬያለሁ። ማዕረጉን የሰጠኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የወሰድሁት። በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ሰዉ «ምን ስትሠራ ከረምህ?» አለኝ፤ «መርከብ ላይ» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ውሸቱ በራሱ ጊዜ አደገ። እኔ ቀለቡን ብቻ ነው የቻልሁት። በየሰርጉና በየጫቱ መቀመጫ ማዕበሉን ትንሽ ትንሽ ከፍ ሳደርገው፣ ኋላ ላይ ከመስጊዳችን ሚናራ በልጦ ተገኘ። አንድ ነገር ግን ይያዝልኝ፤ በዚህ ወሬ ላይ አንድም ቀን «ወላሂ» ብዬ አልማልሁም። ውሸታም ነኝ እንጂ ደፋር አይደለሁም።

እውነቱ ይኸውላችሁ። አሰብ የሠራሁት መርከብ ላይ ሳይሆን መርከብ ሥር ነው። ጆንያ ተሸካሚ ነበርሁ። ስንዴው፣ ስኳሩ፣ ማዳበሪያው ከመርከቡ ሆድ ሲወርድ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀበላለሁ። መርከብ ላይ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተረሳ ወረቀት ላቀብል። መርከቡ በወፍራም ገመድ ታስሮ ቆሟል፤ እኔ ግን እዚያው አስመለሰኝ። የባሕር ሕይወቴ ተጠቃሎ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ይህን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ነግሬያት አይደለም። እንደተጋባን ሰሞን በአውቶቡስ ወደ ባቲ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ አፌ ሥር ፌስታል ይዤ አየችኝ። «ያን ሁሉ ማዕበል የቻለ ሰው ቁልቁለት አቃተው?» አለችኝ። ፌስታሉን ቋጥሬ በመስኮት ጣልሁት፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ያልተመለሰ ጥያቄ ግን ቤት ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው ነው፤ አብሮን ሲበላና ሲተኛ ኖረ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ልጃችን ደወለች። ዓረብ አገር ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ፣ ክፍል ስታጸዳ ቆይታ፣ ሀብታሞች ለሽርሽር የሚሳፈሩባቸው ትልልቅ መርከቦች ያሉት ኩባንያ ቀጥሯታል። ኩባንያው ሁለት እህትማማች መርከቦች አሉት፤ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ፣ በጥቂት ዓመት የሚበላለጡ። ሁለቱም በዚያ ሳምንት እሷ ካለችበት ወደብ ይደርሳሉ። ከሁለቱ አንዷን መርጣ ለዘጠኝ ወር ትፈርማለች፤ ከፈረመች በኋላ መቀየር የለም። እስከ ሐሙስ ድረስ መልስ ስጪ ተብላለች።

«ሲቀጥሩኝ ምን እንዳልኋቸው ያውቃሉ አባ?» አለችኝ። «አባቴ የባሕር ሰው ነው፣ ከእሱ ወርሼዋለሁ አልኋቸው። አሁን ይንገሩኝ፣ የቱ ላይ ልግባ?»

መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን በደስታ ሰከርሁ። በሰባ ዓመቴ ካፒቴንነቴ ሥራ አገኘ! «ቪዲዮ ላኪልኝ፤ ሁለቱንም አይቼ ነው የምፈርደው» አልኋት፤ የወረዳ ዳኛ እንኳ እንደዚያ አይኮራም።

ኩባንያው ለማስታወቂያ የቀረጻቸው ቪዲዮዎች ሰኞ መጡ። ስልክ የምትነካካው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ስነካው የማላውቀው ሰው ጋ ይደውላል። ከዓስር ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ሰሌን ዘርግተን፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ የከብት ደላላ የነበረውን ጓደኛዬን ጠራሁት። እሱ ደግሞ በዕድሜው በክረምት ከሞላ የቦርከና ወንዝ የሚበልጥ ውኃ አላየም። እህትማማች መሆናቸውን ስነግረው ወዲያው ወደ ሥራው ገባ፤ የሁለቱንም ዳሌ ከኋላ አሳዩኝ አለ።

መጀመሪያ ታላቂቱን አየን። ማሻ አላህ! ደረጃዋ ሰፊ፣ መደገፊያው የሚያብለጨልጭ ናስ፣ ግድግዳው ቡናማ እንጨት፣ መስኮቷ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። መጽሐፍ የተደረደረበት ጸጥ ያለ ክፍል አላት፤ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ጥሎ እንቅልፉን ይለጥጣል። ምንጣፏ ቀይ ሆኖ መሃል መሃሉ ሳስቷል። የመዋኛ ገንዳዋ አንድ ነው።

ቀጥሎ ታናሺቱ መጣች፤ ያኔ ሁላችንም ከሰሌኑ ተነሥተን ስልኩ ላይ ተደፋን። መሃሏ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚወጣ የመስተዋት አሳንሰር፣ ገንዳ ሁለት፣ አንዱ ከሌላው በላይ። እያንዳንዱ መኝታ ወደ ባሕር የወጣች በረንዳ አለችው። ጓደኛዬ ባሕር ዙሪያቸውን ከቧቸው ሳለ ገንዳ የሚሠሩት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ እኔም እንደ ባለሙያ የባሕሩ ውኃ ጨው ስለሆነ ነው አልሁት። ይቺ እንኳ እውነት ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ ጣሪያዋ ላይ ሣር ታየ። እውነተኛ፣ አረንጓዴ፣ በልኩ የታጨደ ሣር።

«ሜ፣ ሜ፣ መልሺው» አለ ጓደኛዬ፤ ሲገርመው ወደ ኦሮምኛው ይሄዳል፣ እስቲ ማለቱ ነው። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ መለሰችለት። ስንት ጥጃ እንደሚያሳድር አሰላ፤ ሁለት አለ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። ከሁለት እህትማማች ጊደር ሁልጊዜ ታናሺቱን ነው፤ ታላቂቱማ ደህና ብትሆን ጌታው ሌላ ምን አስፈለገው?

እኔ ደግሞ ከሱ ላንስ አልችልም። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የታናሺቱ አፍንጫ ሾል ያለ ስለሆነ ማዕበሉን ትሰነጥቀዋለች፣ ታላቂቱ ግን ትንተራሰዋለች አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም፤ ግን አማረብኝ። ጓደኛዬ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ «እወቅ ያለው!» አለ። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም።

እሱ ተነሥቶ ሲሄድ ባለቤቴ ስልኩን በሻሿ ጫፍ እየወለወለች አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ልጅቱ የምትተኛው ሣሩ ላይ ነው?»

ሁለት መርከብ ሙሉ ስናይ ስንመረምር ውለን፣ የልጃችንን አልጋ አንዳችንም አልፈለግነውም። ምንጣፍ አወዳደርን፣ ዳሌ አወዳደርን፤ ልጄ ግን ምንጣፉን ጠራጊ እንጂ ተሳፋሪ አይደለችም።

ያን ጊዜ ነው አሰብ የመጣብኝ፤ የምዋሽበት አሰብ ሳይሆን የሠራሁበት። የአንድ ጌታ ንብረት የሆኑ፣ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ የሆነ ሁለት መርከቦች ይመጡ ነበር። ከሩቅ ስናያቸው አንለያቸውም። መሰላሉ ሲወርድ ግን እንለያቸዋለን። ከአንደኛዋ መርከበኞቹ እየተሳሳቁ ይወርዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ሻንጣ ይይዝለታል፤ ለእኛም ሲጋራ ያካፍሉናል። ከሌላዋ ግን አንድ በአንድ፣ እግር እግራቸውን እያዩ ነው። እኛ ተሸካሚዎቹ ያቺኛዋ ስትመጣ ዱዓ እናደርግ ነበር። ላይ ሆኖ ጭነት የሚያወርደው ሰው ከተከፋ አይጮህልህም፤ ይለቅብሃል። አንድ ጓዳችን እግሩ የተጨፈለቀው ከእሷ በወረደ ጭነት ነው።

ለልጄ የሚጠቅማት ዕውቀት ይሄ ነው። ችግሩ፣ ይሄ ዕውቀት የካፒቴን አይደለም፤ የኩሊ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ደወልሁላት። እውነቱን ለመናገር አልነበረም፤ ዕውቀቱን ብቻ አሾልኬ፣ ማዕረጌን ይዤ ልቀር ነው። የመርከቡን ቀለም ተዪው፣ ሠራተኞቹ በመሰላሉ ሲወርዱ ፊታቸውን እዪ አልኋት። እኔም ከላይ ሆኜ ሳያቸው እንዲያ ነበር የምለየው ብዬ ጨመርሁበት።

ወዲያው ጠየቀችኝ፦

«አባ፣ ከላይ ከሆኑ ሲወርዱ የሚያዩት ጀርባቸውን አይደለም እንዴ? ፊታቸውን እንዴት አዩት?»

ይቺ ልጅ የእናቷ ናት። ዞር ይሉ ነበር አልሁ። ሰላም ሲሉኝ ቀና ይላሉ አልሁ። ወሬውን ስቆልል ሰማችኝና አቋረጠችኝ።

«እስቲ ወላሂ ይበሉ።»

ባለቤቴ ምስር ስትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ። አፌን ከፈትሁ። ከተጠራጠረችኝ ምክሬን አትሰማም፤ ምክሬን ካልሰማች ሣር አይታ ትፈርማለች። ለማዕረጌ ብዬ ዘጠኝ ወር ልጄን ጭነት በሚለቅባት ሰው ሥር ላቆማት ነው።

«ከታች ነበርሁ፣ ኢንተላ ኮ» አልኋት፤ ልጄ ስል እንዲህ ነው የምላት። «ጆንያ ተሸካሚ ነበርሁ።»

«ጆንያ?»

«ጆንያ። ኩንታል ኩንታሉን።»

«ማዕበሉስ?»

«ሲወራ ሰምቼዋለሁ።»

ኔትዎርኩ ተቋርጦ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ በዕድሜዬ ኔትዎርክ እንዲጠፋ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኋላ ድምጿ ሲመጣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየኝም።

«የሠራተኛው መኝታ የት መሰለዎት አባ? ከውኃው በታች ነው፤ መስኮት የለውም። እኔም እኮ የመርከብ ሥር ሰው ነኝ። ይሄንን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ቀጣሪዎቼም ጋ እንዲሁ ነበር የምኮራብዎት።»

ባለቤቴ ወደ ምስሯ ተመለሰች። አርባ ዓመት አብሮን የኖረው ጥያቄ በዚያች ቅጽበት ተነሥቶ ከቤታችን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች! እንደ ልጅ ነበር የሚያደርገኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ታናሺቱ ወደብ ስትገባ ልጄ ከመሰላሉ ሥር ቆመች፤ ረቡዕ ታላቂቱ ስትገባም እንደዚያው። እኔ ዙህር ሰግጄ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ባለቤቴን መጣ ወይ፣ መጣ ወይ እያልሁ አስመረርኋት። ከታናሺቱ የሚወርዱት ፈጠን ፈጠን ይላሉ፤ ሁሉም ለየብቻው ነው፤ አንዲት ልጅ መሰላሉ ሥር እንደደረሰች ሰዓቷን አይታ ተመለሰች። ከታላቂቱ ግን ሦስት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፤ አንዱ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ ያንጎራጉራል። ልጄ አንዷን አስቁማ ጠየቀቻት፤ እዚያችው መርከብ ላይ ስትፈርም አራተኛ ጊዜዋ ነው።

«ምንጣፏ አርጅቷል አባ» አለችኝ። «መጥረጊያው ይከብደኛል። ግን እሷን ነው የምፈርመው።»

ሐሙስ ፈረመች። ዱዓ አደረግን። እኔም ለከብት ደላላው ጓደኛዬ የደበቅሁትን እውነት በራሴ አፍ ነገርሁት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ይሻላል።

«እኔም ጊደር ስገዛ ዳሌ አላይም» አለ። «እረኛው ሲቀርባት ትሸሻለች ወይስ ትጠጋዋለች፣ እሱን ነው የማየው። ገዢ እንዳይማርብኝ ነው ዳሌ ዳሌ የምለው።»

እሱም አርባ ዓመት! አሁን ሰፈሩ ከካፒቴንነት ወደ ኩሊነት አውርዶኛል፤ ደመወዙ ያው ስለሆነ ቅር አላለኝም።

ከወር በኋላ አንድ ቪዲዮ መጣ። ልጄ በመሰላሉ ትወርዳለች። የጓደኛዋን ቦርሳ ይዛላታለች፤ እግሯን አታይም፣ ወደኛ እያየች ትስቃለች። ደጋግሜ አየሁት። ፊቷን ከታች ሆኜ እንደማያት ነበር የተሰማኝ፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ልምድ አለኝ። ቪዲዮውን የምትቀርጸው ልጅ እጇ ስለማይረጋ ግን መሰላሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ለአምስተኛ ጊዜ ሳየው ራሴን ያዞረኝ ጀመር። ባለቤቴ ሳልጠራት ሳፋ ይዛ መጣች።