የእትዬ ወረንጦ «ይደር»

በወርቅ ሠሪዎች መንገድ ላይ የሚውል ሰው ሁሉ «እትዬ ወረንጦ» እያለ ይጠራታል። ስሙን ያወጡላት ሊያናድዷት የፈለጉ ሰዎች ናቸው፤ እርሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። በሥራዋ የምስር ቅንጣት የማታህል ፈርጥ በወረንጦ አንሥታ በቦታዋ ታስቀምጣለች፤ በጨዋታ መካከል ደግሞ ከሰው ንግግር ውስጥ ውሸቱን እንደ እሾህ ነቅሳ ታወጣለች። ይህን ሁለተኛውን የማይወድላት ሰው ብዙ ነው።

ታናሽ ወንድሟ አንጥረኛው ወርቁን ያቀልጣል፣ ይቀጠቅጣል፣ መልክ ያወጣለታል፤ ድንጋዩን በወርቁ ላይ የምታሳርፈው እርሷ ናት። አባታቸው መዶሻውን ለወንድ ልጁ ሲያወርስ ለእርሷ ያሰበላት ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላው ቆማ በትከሻው ላይ እያሻገረች ስታይ ኖራ፣ ዓይኑ የደከመ ዕለት «እስቲ ይህችን አንቺ ያዢልኝ» አላት። ከያዘች ወዲህ አልለቀቀችም።

የእጇን ሥራ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። የቀንድ ማበጠሪያ ላይ ቀያይ ፈርጦችን ጤዛ ያረፈበት አስመስላ በትናለች፤ የምርኩዝ እጀታ በነጫጭ ድንጋይ አስጊጣለች። አንድ ጊዜ የጌጣ ጌጥ ሳጥን ክዳን ላይ ጥቋቁር ሰማያዊዎቹን ከዳር፣ ፈዘዝ ያሉትን ከመሐል አድርጋ ብትደረድራቸው፣ ጠፍጣፋው ክዳን ያበጠ መሰለ። ባለቤቱ አላመነም፤ በጣቱ ዳሶ ዳሶ ዝርግ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ እንደገና በዓይኑ አይቶ «አሁንም አብጧል» ብሎ ተናደደ። ራሷ በአውራ ጣቷ ላይ የምታደርገው አረንጓዴ ቀለበት ከጠርሙስ ስባሪ የተሠራ ነው። ሴቶች ዋጋውን ሊያወጡ ሲንሾካሾኩ ትሰማና «ጠርሙስ ነው፣ አትድከሙ» ትላቸዋለች። እነርሱ ደግሞ ውድ ስለሆነ ደበቀችን ብለው የባሰውን ይንሾካሾካሉ።

የሥራ ክፍላቸው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው እርሷ በምትቀመጥበት በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከሥሩ የወርቅ ብናኝ የሚቀበል ቆዳ ተወጥሯል። ከወለሉ የተጠረገው አይጣልም፤ እጅ የታጠቡበት ውኃ እንኳ ሳይጠልል አይደፋም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ደንበኛ ተሰረቅሁ ብሎ ኪሱን መዳበሱ ነውር ተብሎ አይቆጠርም።

የማዶው ጨርቅ ነጋዴ ግን በጥርጣሬ ከሁሉ ይብስ ነበር። ደኅና አደሩ ሲሉት ምን ሊጠይቁኝ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ከሱቁ በላይ ባለው ቤት ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖራል፤ ሚስቱ ሞታበታለች። አንድ ቀን ጠዋት መጣና የተጨበጠ እጁን በጠረጴዛው ላይ ከፈተ። በእጁ ላይ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ከባድ የደረት ጌጥ ነበር።

«የእናትየዋ ነው» አለ። «ልጄ ለሠርጓ በአንገቷ እንድታደርገው እፈልጋለሁ። ሠርጉ እሑድ ነው።»

«ይደርሳል፣ ጋሼ» አለ አንጥረኛው ፈጥኖ።

«ቆይ። ድንጋዩ ከዓይኔ አይርቅም። እናንተ ስትሠሩ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ። ወደ ቤቴ ስሄድም ይዤው እሄዳለሁ።»

«ጥሩ፤ በርጩማው ያውልዎ» አለች እትዬ ወረንጦ። «እግሩ ስለሚወላገድ ወደ ኋላ አይደገፉ።»

ድንጋዩን ጨብጠው የያዙትን የደረት ጌጡን አሮጌ የወርቅ ጥፍሮች አንድ በአንድ ቀና አድርጋ ድንጋዩን አወጣችው። ጀርባው በጥቁር ሙጫ ተደፍኖ ነበርና ሙጫውን በእንጨት ልጣ በውኃ አጠበችው። በወረንጦ ይዛ ወደ መስኮቱ ስታነሣው መረግድ ሆኖ ተገኘ፤ ዝናብ እንዳረፈበት ቅጠል አረንጓዴ።

ነጋዴው ብድግ አለ። «ይኼ የሚስቴ አይደለም! የእሷ ጥቁር ነበር!»

«እዚሁ ፊትዎ አይደል እንዴ ያወጣሁት?»

«አስነጥሼ ነበር! ሳስነጥስ ዓይኔን ጨፍኛለሁ!»

«ጋሼ፣ በአንድ ማስነጠስ ድንጋይ መለወጥ የምችል ቢሆን ኖሮ እዚህ ምን ጎለተኝ?»

ሳትቆጣም የሙጫውን ስባሪ ከድንጋዩ ጀርባ ለጠፈችው። ጠቆረ። አነሣችው፤ ለመለመ። ነጋዴው ደጋግሞ አሠራትና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እዚህ ውስጥ ስንጥቅ አለች» አለችው አጉሊ መነጽሯን ከዓይኗ ሳታወርድ። «ፀጉር ታህላለች። የድሮው ሠሪ እሷን ለመሸሸግ ነው ከኋላ የደፈነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከኋላ ክፍት ካደረግናት ብርሃን ታገኛለች። ግን አንዱ ጥፍር ያለ ቦታው ከተጫናት ለሁለት ትከፈላለች። ከተከፈለች ደግሞ የሚጠግናት የለም።»

ነጋዴው በርጩማውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ከሚስቱ የቀረው ጌጥ ይህ ብቻ ነበር፤ ሌላውን በሕመሟ ጊዜ ሸጦታል።

አንጥረኛው ከኋላው ክፍት የሆነ፣ አራት ጥፍር ያለው አዲስ ማቀፊያ ሠራ። እትዬ ወረንጦ በየጥፍሩ ላይ የድንጋዩ ጠርዝ የሚገባበት ስርጉድ በሞረድ ቆረጠች። ሱቆች መዝጊያቸውን ማውረድ ሲጀምሩ መረግዱን ሰም በተቀባ እንጨት ጫፍ አንሥታ ገፋ አደረገችው፤ ጠቅ ብሎ ገባ።

«በይ እንግዲህ ጥፍሮቹን እጠፊያቸውና እንገላገል» አለ ወንድሟ።

«ይደር» አለች።

ይህች አጭር ቃል ነጋዴውን ከበርጩማው አስነሣችው። «ይደር? ይደር ማለት ነገ ና፣ ነገም ስመጣ ነገ ና ማለት ነው! በየቢሮው ጠግቤዋለሁ! ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የጎለትሽኝ? አሳድረሽ ልትለውጪው!»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ» አለ አንጥረኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውዬውን አታስመርሪው።»

«አንተ ወርቅህን ቀጥቅጥ።»

በእርሷ ጠረጴዛ ላይ ቃሉ ሌላ ትርጉም ነበረው። ፈርጥ በስርጉዶቹ ውስጥ ገብታ፣ ጥፍሮቹ ሳይታጠፉባት፣ ፊቷን ወደ ታች ተደፍታ በጥጥ ላይ ታድራለች። ቀን የሞቀው ወርቅ ሌሊት ሲበርድ ጥቂት ይሰበሰባል፤ ስርጉዶቹ እኩል ከሆኑ ፈርጧን ይይዟታል፣ አንዱ ከተሳሳተ ይተፏታል። ይህን ዘዴ ከማንም አልተማረችውም፤ ከራሷ ትዕግሥት ያገኘችው ነው። ለነጋዴው ይህንኑ በዝርዝር ነገረችው። አላመናትም።

«እንግዲህ ካላመኑኝ» አለች፣ ጌጡን ጥጥ በተነጠፈበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እያስቀመጠች፣ «እርስዎው ያሳድሩልኝ። ሳያናውጡ ይሂዱ። ቤት ሲደርሱ ጥጡ ላይ ቀስ ብለው ይድፉት። ከዚያ ወዲያ አይንኩት።»

ነጋዴው በዚህ ውስጥ ምን ተንኮል እንዳለ ቢያስብ ቢያስብ አጣው። ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ መንገዱን ሲሻገር ብስክሌተኛው ሁሉ ቆሞ አሳለፈው።

በማግሥቱ የክፍሉ በር ሳይከፈት ከደጃፉ ቆሞ ተገኘ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወደቀ!» አለ። «በልጄ እምላለሁ፣ አልነካሁትም! እንዳልሽኝ ደፍቼው ተኛሁ፤ ስነሣ ጥጡ ላይ ወድቋል!»

«እሰይ!» አለች እትዬ ወረንጦ።

«እሰይ? የሰው ንብረት ሲወድቅ እሰይ ይባላል?»

«ትናንት አጥፌው ቢሆን ዛሬ ሁለት ድንጋይ ይዘው ነበር የሚመጡት። ወዲህ ይበሉ።»

ማቀፊያውን በአጉሊ መነጽር ስር እያዞረች ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያም ቀና ብላ «የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ከስንጥቋ አጠገብ ያለውን ጥፍር ስደርስ ፈርቼ ስርጉዱን ቆጥቤ ቆርጫለሁ። ጠቦ ነው የተፋት።»

አንጥረኛው እጁን በግንባሩ ላይ ጣለ። ባለሙያ በደንበኛ ፊት እንዲህ አይልም፤ ወርቁ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ድሮም እንዲህ ነበር ይባላል እንጂ። ነጋዴው ግን ሴትዮዋን ትኩር ብሎ አያት። ጨርቅ ሲሸጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያልተጠየቀችውን ጥፋት ለገዢ የምትናገር ሻጭ አላጋጠመችውም። ምክንያት ሊፈልግላት ሞከረና የሚረባ ሳያገኝ ቀረ።

ስርጉዱን እንደገና ቆረጠች፤ ሞረዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጋ እያቆመች፣ እየጠረገች፣ እያየች። መረግዱም እንደገና ጠቅ ብሎ ገባ።

«አሁንስ ይታጠፍ» አለ አንጥረኛው። «ሠርጉ ደርሷል፤ ጋሼም ሥራ አላቸው።»

«ማን ይታጠፍ አለህ?» አለ ነጋዴው። «ይደር!»

አንጥረኛው መዶሻውን አስቀመጠ። እትዬ ወረንጦ ጠረጴዛውን በቡርሽ እየጠረገች ሳቋን በድምፁ ሸፈነችው።

በማግሥቱ ነጋዴው ጌጡ ውስጡ እንደተደፋ ሳጥኑን ይዞ መጣ። «ይዟል» አለ በሹክሹክታ፣ ድምፁ የሚጥለው ይመስል። «ልጄም አይታዋለች፤ ይዟል።»

እትዬ ወረንጦ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከስንጥቋ የራቀውን ጥፍር፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን በጥቂቱ አጠፈች፤ አንዱንም በአንድ ጊዜ አልጨረሰችም። ሦስተኛውን ጨምራ ዞረችና ስንጥቋ አጠገብ ያለው ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች፤ አንጥረኛውም ያዘ፤ ነጋዴው ለማስነጠስ የመጣበትን በአፍንጫው ላይ እጁን ጭኖ መለሰው። የመግፊያዋ ብረት የተንቀሳቀሰ እንኳ አይመስልም ነበር፤ ጥፍሩ ግን ሰው ዓይኑን ሲከድን ቀስ ብሎ እንደሚከድነው በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተኛ።

አጉሊ መነጽሯን አውልቃ ለነጋዴው ሰጠችው። «እኔ ከምነግርዎ እርስዎ ይዩ።»

ዓይኑ ላይ ለመያዝ ተቸገረ፤ ከያዘው በኋላ ግን አልለቀቀውም። ስንጥቋ በአረንጓዴው ውኃ ውስጥ እንደ ሥር ተዘርግታ በቦታዋ አለች፤ አልረዘመችም።

«ሚስቴ ይህን አላየችም» አለ። «ዕድሜዋን ሙሉ ደረቷ ላይ አድርጋ ጥቁር ነው እንዳለች ሞተች።»

«ከኋላ ተደፍኖባት ማን ያያል፣ ጋሼ? ልጅዎ ታያለች።»

ነጋዴው አመሰገነ፤ ምስጋና የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሁለት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያም ሳጥኑን ትቶ ጌጡን በመዳፉ ይዞ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ አንጥረኛው ወደ መስኮቱ ተንደረደረ። «እትዬ! ኧረ እዪ! መንገድ መሐል ቆሞ አውጥቶታል! ጫማ ጠራጊውን፣ ሹፌሩን፣ ሁሉን ጠርቶ እያሳየ ነው! ይነጠቃል እኮ!»

እትዬ ወረንጦ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። የሌላ ሰው የጆሮ ጌጥ በወረንጦዋ አንሥታ ነበር።

«ተወው» አለች። «ፀሐይ ላይ ይየው።»