የስምሪት ጠረጴዛው

የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ የወሎ ሰፈር መንገድ ሳይታደስ ይሁን ከታደሰ በኋላም ያጠራጥረኛል። የማስታውሰው፣ ወይም የማስታውስ የሚመስለኝ፣ በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪዬን በያዝኩ ማግስት በአንድ አነስተኛ ዕቃ አድራሽ ድርጅት መቀጠሬን ነው። ድርጅቱ በሞተር ብስክሌት ሰነድ፣ መድኃኒት፣ ከልብስ ሰፊ የወጣ ቀሚስ፣ አንዳንዴም የልደት ኬክ ያደርስ ነበር። ቢሮው ከጋራዥ በላይ ያለ አንድ ፎቅ ስለነበር የመዶሻው ድምፅ ወለሉን ዘልቆ ይሰማን ነበር።

ባለቤቱ በአንድ ሚኒባስ ሥራ የጀመሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሀጂ እንላቸው ነበር። እኔን የቀጠሩኝ ሥራው ሲቀዘቅዝባቸው ነው። ሞተረኞቹ ቤንዚን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ ይውላሉ፤ ደንበኞቹም በስልክ መተግበሪያ ወደሚያዙባቸው አዳዲስ ድርጅቶች እየሄዱ ነበር። ሀጂ ሞተሮቹን ቀስ በቀስ በኤሌክትሪክ ለመተካት ወስነዋል። የእኔ ድርሻ ደግሞ መተግበሪያ ማሠራትና ከዚያ በኋላ የትኛው የሥራ መደብ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው እንደማያስፈልግ በጽሑፍ ማቅረብ ነበር።

አቀረብኩ። በሪፖርቱ ውስጥ የስምሪት ጠረጴዛው እንዲዘጋ ሐሳብ ሰጥቻለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጠው ስልክ እየተቀበሉ ሞተረኞቹን የሚያሰማሩት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ሞተረኞቹ እትዬ ይሏቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚሁ ደመወዝ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄ ግን እጄን አልያዘኝም።

እትዬ ለደዋዩ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። የቤት ቁጥር ጠይቀው አያውቁም።

«የሕንፃውን ስም ተወው ወንድሜ፣ ጎረቤትህም አያውቀውም። ታክሲ ውስጥ ሆነህ ‹ወራጅ አለ› የምትለው የት ጋ ደርሰህ ነው? እሺ። ወርደህስ በየት እጅህ ትታጠፋለህ? እሺ። ዕቃውን የሚቀበለን ማነው?»

እኔን ይህ አሠራር ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሞተረኞቹ ባሉበት፣ «እትዬ፣ አዲሱ ካርታ እኮ አንዲት ሜትር አይስትም» አልኳቸው።

«ጎሽ። በርም ያንኳኳል?» አሉኝ። ሞተረኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል፤ ምናልባት ግን ዛሬ ሳስበው እንደሳቅሁ ማሰብ ስለሚቀለኝ ይሆናል።

መተግበሪያው ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ስህተቴ የታየው ከሳምንት በኋላ ነው። በእኛ ከተማ የሚያዘውና የሚቀበለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም፤ ልጅ ለአባቱ ያዛል፣ እህት ለወንድሟ ታዛለች። ስልኩ ደግሞ ዕቃው የሚደርስበት ቦታ ብሎ የሚይዘው ያዘዘው ሰው የቆመበትን ነው። የተቀባዩ መጠየቂያ ከገጹ ግርጌ ነበር፤ ሳይሞላ ቢቀርም ችግር የለውም ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

ጠረጴዛው ገና አልተዘጋም ነበርና አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የስምሪት ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚሠራው ልጃቸው የስኳር መድኃኒታቸውን በመተግበሪያው አዝዞላቸው ስብሰባ ገብቷል፤ መድኃኒቱ ግን አልደረሰም።

«አባባ፣ ምሳ በልተዋል?» አሏቸው እትዬ።

«መርፌዬን ሳልወጋ ምኑን እበላለሁ?»

«ስልኩን እንዳይዘጉት» አሉና እትዬ በሌላኛው እጃቸው በሞባይላቸው ለሞተረኛው ደወሉለት። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«የት ነህ አንተ?»

«ያዘዘው ሰው መሥሪያ ቤት በር ላይ ነኝ፣ እትዬ። ስክሪኑ ደርሰሃል ይለኛል፤ ጥበቃው ደግሞ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው፣ አታስገባም ይለኛል።»

«ስክሪኑን ኪስህ ክተትና ስማኝ። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ግባ። ብሎኬት ማምረቻው ጋ ስትደርስ—»

«እሱማ ፈርሷል።»

«መፍረሱን መች አጣሁት፤ አጥሩ አለ አይደል? አጥሩን ይዘህ ወደ ቀኝ። አረንጓዴ በር ነው። አባባ፣ እስኪ ወንበርዎን በር ላይ አውጥተው ይቀመጡልኝ፤ ሲያይዎት እንዲያውቅዎት።»

በእኔ ትዝታ ሞተረኛው በሩብ ሰዓት ደረሰ። የቦሌን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ የሚታመን አይደለም፤ ከዚያ በላይ ፈጅቶ መሆን አለበት። ሽማግሌው መድኃኒቱን እንደተቀበሉ እስኪነግሯቸው ድረስ እትዬ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሀጂ ቢሮ ገባሁ። ሪፖርቱ ፊታቸው ነበር። ስለ ስምሪት የጻፍኩት ስህተት መሆኑን ነገርኳቸው።

«እሷን ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«እንግዲያው ጥራት።»

እትዬ ገብተው ቆሙ። ሀጂ አላለሳለሱትም። «ይህ ልጅ ጠረጴዛሽ ይዘጋ ብሎ ጽፎ ነበር፤ አሁን ደግሞ አይዘጋ ይላል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እንባ ወይም ቁጣ ጠብቄ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ይዘጋ ሀጂ» አሉ። «ደንበኛው ወደ ስክሪኑ ከሄደ እኔ ስልክ ታቅፌ ማንን እጠብቃለሁ? ዛሬ ደወሉ፤ ነገ ላይደውሉ ነው። እኔንም ወደ ስክሪኑ አስገቡኝ። ይኼ ነገር ከአጠገቤ ሲሠራ ስንት ወሩ ነው፤ አንድ ሰው ነይና እይው አላለኝም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም አላልከኝም።»

ከዚህ የከረረም ነገር ተናግረውኛል የሚል አንድ ሞተረኛ አለ፤ በሩ ክፍት ነበርና ሰምቶ ሊሆን ይችላል። እኔ አላስታውስም። ትዝታዬ ራርቶልኝ ከሆነም አላውቅም።

ሀጂ በእትዬ ሐሳብ ተስማሙ፤ እኔም ከማግስቱ ጀምሮ በምሳ ሰዓት አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። እኔ ስክሪኑን አሳየኋቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ከተማውን አሳዩኝ። የማይገባቸውን ነገር እንደገባቸው አስመስለው አያልፉም፤ «ቆይ፣ ይኼን ለምን ነካነው?» ይላሉ፤ መልሱን የማላውቅባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። መተግበሪያውን የሠሩትን ባለሙያዎች አስጠርተን የተቀባዩን ጥያቄ ከግርጌ አንሥተን ከሁሉ በፊት አስቀመጥነው። የተቀሩት ሁለቱ ጥያቄዎቻቸውም ቃል በቃል ገቡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጠረጴዛው ተነሣ፤ እትዬም ማዳመጫ በጆሯቸው አድርገው፣ ሞተሮቹ ሁሉ ነጥብ ሆነው የሚታዩበት ስክሪን ፊት ተቀመጡ። የጠፋ ሞተረኛ ሲያዩ የሚሰነዝሩት ተግሣጽ ግን እንደ ድሮው ነው።

ድርጅት እንዴት ከጊዜው ጋር እንደሚራመድ በክፍል የተማርኩትን ዛሬ በአብዛኛው ረስቼዋለሁ። ሰውን ከመቀነስህ በፊት ሰውን ጠይቅ የሚለውን የተማርኩት ግን ከጋራዥ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ለዚያች ክፍል ምስጋናዬ የማያልቅ ነው።

ከድርጅቱ ከወጣሁ በኋላ እትዬ በታላቂቱ ልጃቸው ምርቃት ላይ ጠርተውኝ ሄድኩ። ድንኳኑ በዘመድ ሞልቶ ነበር። እትዬ እጄን ይዘው ከታላቅ ወንድማቸው ፊት አቆሙኝና፣ «ኮምፒውተር ያስተማረኝ ይኼ ነው፤ እንጀራዬን ያቆየልኝ» አሏቸው። ሰውየው ተነሥተው መረቁኝ። ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን ለመናገር አፌን ስከፍት እትዬ ሳህን አስያዙኝና፣ «ቅመስ እንጂ፣ ምን ታወራለህ» እያሉ ወጡን ጨመሩበት።