የላይ ቤቱ ደራሲ ያስተማሩኝ በቀል

የሰናፍጭ ዘይት ሲግል አፍንጫ ይቆነጥጣል። በቀደም አሁን በምኖርበት ዌስተርቪል፣ ከጎረቤቶቼ ቤት ሲሸተኝ ከመኪናዬ ሳልወርድ ቆየሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያኔ የምንኖረው እዚሁ አቅራቢያ ዋይትሆል ነበር። ከበላያችን አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ የአገራቸውን ገበሬዎች ሕይወት በሂንዲ የሚጽፉ ደራሲ። ቤታቸው ሁልጊዜ ይህንኑ ዘይት ይሸት ነበር። "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ሳይጠይቁ ይስቁልኛል።

ያን ሰመር እናቴ በምታጸዳበት ሆቴል የእንግዳ ቀለበት ጠፋ። እኔ ልወስዳት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ማኔጀሩ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ተንበርክካ ለቀመች። ቀለበቱ በማግሥቱ ከአልጋ ሥር ተገኘ፤ ይቅርታ ያላት ግን የለም።

የማኔጀሩን ጎማዎች ልዘነጥል የወጥ ቤት ቢላ ጠቅልዬ ስወጣ፣ ሽማግሌው ደረጃው ላይ ያዙኝ።

"ስጪኝ ልጄ" አሉ። "ጎማ ነገ ይቀየራል።"

እዚያው ተቀምጠው አወሩኝ። በመንደራቸው አንድ ባለመሬት ነበር። አባታቸው በደጁ ሲያልፉ ጫማቸውን አውልቀው በራሳቸው ላይ እንዲሸከሙ ያስገድዳቸው ነበር። ሽማግሌው በሃያ ዓመታቸው ይህንን ጻፉት፤ የቀየሩት ስም ብቻ ነው። በየሻይ ቤቱ ተነበበ። ባለመሬቱም እስኪሞት ድረስ በታሪኩ ውስጥ በወጣለት ስም ተጠራ።

"ይቅርታ ጠየቀ?"

"አልጠየቀም። ግን ደጁ ላይ መቀመጥ ተወ።"

መልሱ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ማኔጀሩን በአማርኛ ጻፍኩት፤ የቁልፎቹን ቅጭልጭልታ፣ የሽቶውን ክርፋት፣ ሲስቅ የሚገለጠውን ድዱን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በኩራት ለእናቴ ሰጠኋት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እሱን መጻፉን አውቀሽበታል" አለች። "እኔን ግን ለምን እዚያው መሬት ላይ ተውሽኝ?"

ሮጬ ወጥቼ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር" አሉ። "ማንም ታሪኩን እንዳያነብለት መንደሩን ዞሬ ለመንኩ።"

በረዶ ሳይጥል ልጃቸው ሌላ ስቴት ወሰደቻቸው፤ ዳግም አላየኋቸውም።

ማኔጀሩን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ ወደፊትም አልለውም። ታሪኩን ግን ደግሜ ጻፍኩት። በአዲሱ ላይ አንዲት ልጅ ከበሩ ትገባና ከእናቷ አጠገብ ተንበርክካ አብራት ትለቅማለች። እናቴ አንብባ እጄን ያዘችኝ እንጂ እውነት አይደለም አላለችም። እኔ ግን ያን ቀን ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም ነበር።