ለአያቴ ሚቃት ያሰላሁት በረራ

«ልክ ነበርሽ!» አለኝ አባቴ ከጅዳ ኤርፖርት ደውሎ። ሰላም እንኳ አላለኝም። «አያትሽ በሰላም ገብተዋል፤ ኒያቸውንም በደቂቃው አድርገዋል። ወላሂ፣ ወረቀትሽን እስካሁን ከእጃቸው አልለቀቁትም።»

እኔ መካ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ዘለልኩ። እናቴ «ቀስ በይ፣ ከታች ሰው አለ!» ብላ ተቆጣችኝና ነገሩን ስትሰማ ራሷ እልል አለች።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከወሎ ለዑምራ፣ መካን ለመጎብኘት፣ ሲመጡ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። ለዑምራ የሚመጣ ሰው ሚቃት የሚባለውን ወሰን ሳያልፍ ኢህራም የሚባለውን ነጭ ልብስ ለብሶ መነየት፣ ዑምራውን በልቡ አስቦ መጀመር፣ አለበት። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ወሰኑ የሚታለፈው ሰማይ ላይ ነው። ሳይነይት ካለፈው ለማካካሻ በግ ማረድ ይመጣል። አውሮፕላኑ ውስጥ በድምጽ ማጉያ ይነገራል፤ የአያቴ ጆሮ ግን ከደከመ ቆይቷል።

«አዲስ አበባ ላይ ነይተው ይሳፈሩ፣ ኸላስ» አላቸው አባቴ በስልክ፣ እየጮኸ።

«ነቢዩ ከወሰኑት ቦታ ነው የምነይተው። አልቀድምም፣ አልዘገይም።»

«እንግዲያው ከጎንዎ ያለውን ሰው ይጠይቁ።»

«ቢተኛስ?»

ያኔ ነው «እኔ አሰላዋለሁ» ያልኩት። ወንድሜ «ካፒቴኗ ተነሳች!» ብሎ ሳቀብኝ።

ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ለካሁ። ከኮምቦልቻ ጅዳ በቀጥታ መስመር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ቀጥታ በረራ ስለሌለ አያቴ ወደ ሰሜን ለመምጣት መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ አዲስ አበባ ድረስ ይበራሉ። ከዚያ ጅዳ አንድ ሺህ አራት መቶ ይሆናል። የቀደሙ በረራዎችን መንገድ እያየሁ፣ ሚቃቱ ጋ የሚደረስበትን ሰዓት አወጣሁና በኩራት ለአባቴ አሳየሁት።

«ከስንት ሰዓት ጀምረሽ ነው የቆጠርሽው?»

«ትኬቱ ላይ ካለው።»

«ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢነሳስ?»

አኮረፍኩ። እውነቱን ግን ነበር፤ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ተነስቶ በትኬቱ ሰዓት ቢቆጥሩ፣ አያቴ ገና ሱዳን ሰማይ ላይ ሳሉ ይነይቱ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ አዲስ ጻፍኩ፣ በትልልቁ፦ «አዲስ አበባ ላይ ጎማው መሬት ሲለቅ ሰዓትዎን ይዩ። ከዚያ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲሞላ ይነይቱ።» ፎቶውን ለአክስቴ ላክሁላት፤ ኮምቦልቻ ላይ አሳትማ ሰጠቻቸው።

አያቴ ቤት ገብተው ሳይቀመጡ ነው የነገሩን። ደቂቃው ሲሞላ ድምጻቸውን ከፍ አድርገው የዑምራውን ጥሪ «ለበይከ አሏሁመ ለበይክ!» ይላሉ። ጎናቸው ያለው ሰውዬ ደንግጦ ጆሯቸው ሥር ይጮኻል፦ «አባባ፣ ገና አልተባለም እኮ!»

«የልጄ ልጅ ብላለች!» ብለው ወረቀቱን ያሳዩታል። ሰውዬው አንብቦ ሳይጨርስ ማስታወቂያው ተነገረ። ከዚያማ አውሮፕላኑ በሙሉ ለበይክ አለ። «መጀመሪያ ግን እኔ ነኝ» አሉ አያቴ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ቀጥለውም ወንድሜን «አንተስ ምን አሰላህ?» ሲሉት ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን።

እኔን ግንባሬን ሳሙና «አብሽሪ ልጄ! ሽማግሌ የሚመጣበትን ሁሉ ወደዚህ ጥሪ። እኔም እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

ይኸው ጠራሁ። ጆሮው የደከመ አያት፣ ወይም በአውሮፕላን ተሳፍራ የማታውቅ እናት የምትመጣባችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደሚነሱ ይዛችሁ ኑ። ካርታውን ዘርግተን አብረን እንለካለን፤ አያቴም ጎማው መሬት ሲለቅ ምን እንደሚመስል ይነግሯችኋል።