የልጄ የጡት እህት

ሐና ማርያም ጀርባ ቤቶች ሲፈርሱ በስልኬ ቀርጬ ለጥፌ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች መጡ። ልጄን እያጠባሁ ነበር፤ ገና ሰባት ወሩ ነበር። «ለጥቂት ጥያቄ ነው፣ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ልጁን ለእህቴ አቀበልኳትና በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

የወሰዱኝ ላፍቶ ውስጥ ወዳለ መጋዘን ነው። ቀድሞ ሲሚንቶ ይከማችበት ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳውን የተደገፈ ሁሉ ጀርባው ግራጫ ይሆናል። መስኮት የለውም። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ ተቀምጧል። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። ስገባ ቦታ የለቀቀልኝ የለም። ጠልተውኝ አይደለም፣ የሚለቀቅ ቦታ ስላልነበረ ነው።

ከሁሉ በፊት የሰማሁት የሕፃን ልቅሶ ነው። ልቅሶ ለማለትም ይከብዳል፤ እንደ ድመት ግልገል ነበር የምትጮኸው። እናትየው በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሂጃብ የለበሰች የስልጤ ልጅ ናት። የሚፈለገው የባሏ ወንድም ነው፤ እሱ እስኪገኝ እሷን ከነልጇ ይዘዋታል። ጠዋት ጠዋት እየጠሩ የት እንዳለ ይጠይቋታል። አታውቅም። ስትመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች።

«ወተቴ ነጠፈ» አለችኝ በማግስቱ። «ስኳር በውሃ እየበጠበጥኩ ነበር የምሰጣት። እሱም አለቀ።»

በሩን የምትጠብቀውን ፖሊስ የዱቄት ወተት ለመንናት። «እዚህ ለሕፃን የሚሆን ነገር የለም» ብላ በሩን ዘጋችው።

የእኔ ጡት ግን ድንጋይ ሆኖ ነበር። ትኩሳት ይዞኛል። በላስቲክ ኩባያ እያለብኩ ባልዲው ውስጥ እደፋለሁ። ሕፃኗ አጠገቤ እየደከመች ነው። እናትየው ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ። እሷ ለመጠየቅ አፈረች፣ እኔ ለመስጠት ፈራሁ።

ዝምታውን የሰበሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ላፍቶ እርሻ በነበረ ጊዜ እዚያው ተወልደው ያረጁ ኦሮሞ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭር ነው። ቀሚሴ ደረቱ ላይ መራሱን አዩ፤ ሕፃኗን አዩ።

«አንቺ ወተት አለሽ» አሉኝ። ወደ እሷ ዞረው፣ «አንቺ ልጅ አለሽ። ምንድን ነው የምትጠብቁት?»

የስልጤዋ ልጅ ሕፃኗን ይዛ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ልጅሽ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

«ወንድ።»

ስሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የአባቱን፣ የአያቱንም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በቃሏ ያዘችው።

«በኛ ካጠባሻት ወንድሟ ሆነ ማለት ነው። መጋባት አይችሉም። ስታድግ እነግራታለሁ። አንቺም ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ቢስሚላህ» ብላ አስታቀፈችኝ። እኔም ሳላስበው አማተብኩ። ሕፃኗ መሳብ አቃታት። አሮጊቷ ጣታቸውን ወተት አስነክተው ከንፈሯን አራሱላት። ቆይታ ያዘች። አመመኝ። ስትውጥ ጉሮሮዋ ይሰማ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ያንን ያዳምጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስንቅ የሚገባላቸው ሴቶች መጀመሪያ ለእኔ ያካፍሉኝ ጀመር። ጾም ነበር። አሮጊቷ «አንቺ ዘንድሮ አትጾሚም» ብለው ቆረጡ፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

አንድ ጠዋት እናትየው ስትመለስ ጆሮዋ ይደማል። ልጇን ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ራሷን ነቀነቀች። «ልብሴ ደም ነክቶታል፤ አንቺው ያዣት» አለችኝ።

የተጠራሁ ቀን እሷ ለጥያቄ ተወስዳ ነበር። ሕፃኗ ጡቴ ላይ ናት።

«ተፈትተሻል፤ እቃሽን ይዘሽ ውጪ» አለች ፖሊሷ።

አልተነሳሁም።

«አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ትጨርስ።»

«መኪና እየጠበቀ ነው። ሐሳባቸውን ከቀየሩ ተመልሰሽ እዚሁ ነሽ።»

እንደሚቀይሩ አውቃለሁ፤ ሲቀይሩ አይቻለሁ። «አንዱን ጨርሳለች፤ ሌላው ይቀራታል» አልኳትና ሕፃኗን አዞርኳት። ፖሊሷ ጀርባዋን ሰጥታን በሩ ላይ ቆመች። ሕፃኗ እስክትጠግብ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ለአሮጊቷ አስታቀፍኳቸውና ወጣሁ። እናቷን አልተሰናበትኳትም።

ከወራት በኋላ እነሱም ተፈቱ። ሕፃኗ ከወጣሁ በኋላ ከስንቅ ጋር በላክሁት የዱቄት ወተት ተርፋለች። አሁን ብስራተ ገብርኤል ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሁድ እሁድ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። እናትየው በአንድ ጆሮዋ አትሰማም። የባሏ ወንድም የት እንደገባ እስካሁን አይታወቅም። አሮጊቷን ፈልገናቸው ነበር፤ ቤታቸው የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ልጆቹ በአንድ ኳስ ሲጣሉ እኛ እንገላግላለን። ስለዚያ መጋዘን አናወራም። በር ሲንኳኳ ግን ሁለታችንም ንግግራችንን እናቋርጣለን።

ባለፈው ከእነሱ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው በስልክ ያወራል። «ከነዚህ ሰዎች ጋር አብሮ መኖር አይቻልም» ይላል። የትኞቹን እንደሆነ አልሰማሁም። ሰሞኑን ሁሉም የየራሱ «እነዚህ» አለው። «ወራጅ አለ» አልኩ። ሰፈራችን ገና ነበር። ልጄን አዝዬ የቀረውን በእግሬ ሄድኩት።