የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ

ምንይሉ ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ከከፈተ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የመካኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ሞተርን የተማረው ከአንድ ያረጀ የጥገና መጽሐፍ፣ ሥዕሉን በጣቱ እየተከተለ ነው። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ «እጁ ንጹሕ ነው» ይላል። እሱም ይህን ስም የሰጠውን ጌታ በየማለዳው፣ የጋራዡን በር ከመክፈቱ በፊት ያመሰግናል። የሐጂ ኑርሁሴን ላንድክሩዘር ትዝ ሲለው ግን ምስጋናው መሃል ላይ ይቆማል።

ሐጂ ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። መኪናዋን ሠላሳ ዓመት ነድተዋታል። በየሁለት ሳምንቱ ከጁምዓ በኋላ ደጋን ከተማ ወርደው፣ እንደ እናት ያሳደጉዋቸውን ታላቅ እህታቸውን ጣይባን የሚጠይቁት በዚችው መኪና ነበር። ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር ለምንይሉ አመጡለት።

«ሐጂ፣ ሞተሩ ይወርዳል» አላቸው።

«አውርደው። ብቻ ወርዶ እንዳይቀር።»

ሲፈታው ካምሻፍት የሚባለው ዘንግም ቫልቭ ገፊዎቹም ተበልተው አገኛቸው። ቫልቭ ገፊ አውራ ጣት የምታክል ድቡልቡል ብረት ናት፤ ካምሻፍቱ ሲዞር ወደ ላይ እየተነሣች ቫልቩን ታስከፍታለች። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ለዚያ ዕድሜ መኪና አዲሱ አዲስ አበባም ተፈልጎ ጠፋ። ምንይሉ እያንዳንዷ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣች ቁጥር ጽፎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከነካምሻፍቱ ደሴ፣ ብረት ሞራጁ ኃይለ ሚካኤል ቶርኖ ቤት ወሰዳቸው።

ኃይለ ሚካኤል አገላብጦ አያቸውና ሳቀ። «ይቺን መኪና እኮ አንቱ እያልክ ነው መፍታት የነበረብህ።»

በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ሞርዶ፣ መስታወት አስመስሎ ሲያስረክበው ግን አልሳቀም።

«ስማኝ። የተሞረደ ፊት ጥሬ ነው። ከካሙ ጋር የሚላመደው ሞተሩ መጀመሪያ በተነሣ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ነዳጅ ረግጠህ ያዝ፣ ያጓራ። ዝቅ ካደረግከው ዘይት በደንብ አይረጭበትም፣ እርስ በርሱ ይበላላል። አባትህ ቢጠራህ እንዳትለቅ።»

«አባቴ ሞቷል።»

«እንግዲያው ማን ይጠራሃል!»

ሞተሩ የሚነሣ ዕለት ሐጂ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። ምንይሉ ቁልፉን አዞረ፤ ተነሣ። ነዳጁን ረግጦ ያዘ። ጋራዡ በጩኸት ተሞላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ሐጂ ደስ ብሏቸው ወደ ሞተሩ ተጠጉና እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ጀመሩ። ጎረቤቶቹም እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ምንም ስለማይሰማ የት ላይ አሚን እንደሚሉ ግራ ገባቸው። አንደኛው ዞር ብሎ ምንይሉን አየው።

ያች አስተያየት ናት የጣለችው። ምንይሉ ጴንጤ ነው፤ ወጣት ሳለ «የሌላውን ጸሎት ይንቃል» ተብሎ ታምቶ ያውቃል። አሁን ደግሞ ሽማግሌ ሲጸልዩለት በሞተር የሚጮህባቸው መስሎ ታየው። «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ብሎ መናገር ይችል ነበር። አፈረ። እግሩን አነሣ።

ሞተሩ ረገበ። የሐጂ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዱአው ለመኪናዋ ተጀምሮ ለጋራዡ፣ ለምንይሉ ልጆች፣ ለአገሩም ሰላም ደረሰ። ረጅም ዱአ ነበር። ሲያበቃ ምንይሉ እንደገና ረገጠ፤ ያለፈው ግን አልፏል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ ብቅ አሉ። «ምንይሉዬ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር አላት።»

ሰማው። ምን እንደሆነም ገባው። መክፈት ማለት ጥፋቱን ማውጣት ነው። የቫልቩን ክፍተት ጠበብ አደረገና ድምፁ ሲቀንስ «ይኸው፣ ይተዋታል» አላቸው። አመስግነውት ሄዱ።

ከወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደጋን ስልክ ተደወለ። ጣይባ ደክመዋል፤ «ኑርሁሴን ይድረስልኝ፣ አፉ እንባባል» ብለዋል። እዚያ አገር መሞቻው የቀረበ ሰው ከወገኑ ጋር ይቅር ሳይባባል መለየት አይወድም። ሐጂ ያንኑ ደቂቃ ተነሡ። መኪናዋ ኮምቦልቻን እንዳለፈች ታፍና መጎተት አቃታት፤ ተንቀጥቅጣ መንገድ ዳር ቆመች። ሚኒባሶቹ ሞልተው ያልፋሉ። ሐጂ በስንት ልመና በአንድ የጭነት መኪና ሲደርሱ የእህታቸው ዓይን ተከድኖ ነበር።

ምንይሉ መኪናዋን አስጎትቶ ከፈታት። ሰባቱ ገፊዎች ፊታቸው ጎድጉዷል፣ ካሙ ተላልጧል፣ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ለቅሶ ሲሄድ ሐጂ ራሳቸው አጽናኑት። «ቀደር ነው፣ ልጄ፤ የአላህ ውሳኔ። ያ ቶርኖ ቤት አበላሽቶት ይሆናል እንጂ አንተማ ምን አጠፋህ?»

ምንይሉ ዝም አለ። ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ያች ዝምታ ከሁሉም ይልቅ ከበደችው። ሌሊቱን ሊጸልይ ተንበርክኮ ቃል አጣ። ነገሩን ሁሉ ለሚስቱ ለአልታየች ሲነግራት «ለእግዚአብሔር የምትነግረውን መጀመሪያ ለሐጂ ንገራቸው» አለችው።

በማግስቱ ደሴ ወጣ። ከተጎዱት ገፊዎች አንዷን በሐጂ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠና አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ እግሩን ያነሣበትን፣ ድምፁን ሰምቶ ያለፈበትን፣ በኃይለ ሚካኤል ሲመካኝ ዝም ያለበትን። «ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ በመጨረሻ።

ሐጂ ብረቷን በጣታቸው አዟዟሯት። 

«አንተ ካልሰማኸው አላህ ዱአዬን የማይሰማ መስሎህ ነው?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔን አፍረህ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። «በእኔ በኩል አፉ ብያለሁ። የጣይባን ግን እኔ ልልልህ አልችልም።»

ምንይሉ ከዚያው ወደ ኃይለ ሚካኤል ሄዶ እሱንም ይቅርታ ጠየቀ። ኃይለ ሚካኤል ሰድቦት ሲያበቃ፣ ከተሰባበረ ሌላ መኪና የተገኙ ገፊዎችን ሞረደለት፤ ከዚያው የወጣውን ካምሻፍትም አብሮ። ሐጂም መኪናዋን ለሌላ መካኒክ አልሰጡም።

ሞተሩ ዳግም የተነሣ ዕለት ሐጂ ብቻቸውን መጡ። ምንይሉ ነዳጁን ረግጦ ያዘ፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ቃል አትሰማም። ምንይሉ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አላነሣም። ሐጂ ዱአቸውን ጨርሰው እጃቸውን በፊታቸው ሲያሳልፉ፣ አሜን አለ፤ እሱንም የሰማው የለም።

ሃያው ደቂቃ ሞላ። እግሩን አነሣ። ሞተሩ ረጋ ብሎ፣ ያለ አንዳች ኳኳታ ይዞር ጀመር። ሐጂ ጥቂት አዳመጡና «ያን ዕለትም እንዲህ ነበር የሚሆነው?» አሉ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

ምንይሉ ሲወርድላቸው ወደ ሹፌሩ ወንበር ወጡና አጠገባቸው ያለውን በር ከውስጥ ከፈቱለት።

«ግባ። ደጋን ሄደን መቃብሯን እንዘይር። የሚባለውን እዚያ ትላለህ።»

ምንይሉ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ገባ።