ጉንፋኔን ይዤ ለሽማግልና ወደ ግምቢ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ መስከረም እየወጣ ነበር። ከነቀምቴ ወደ ግምቢ የተነሣሁት ለእህቴ ልጅ ለታደሰ ሚስት ልለምን ነው። ታደሰ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመርፌው ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት አይሆንለትም። የግምቢዋ ቦንቱ ነቀምቴ አክስቷ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ ቀሚስ ልታሰፋ ብትሄድ ሦስት ጊዜ ለካት። ልኩ በመጀመሪያውም ትክክል ነበር። እንዲህ እየተለካኩ ተዋደዱ። ነገር ግን አንድ የደምቢ ዶሎ ቡና ነጋዴ እሁድ ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ መጣ። ቀድመን ደርሰን እሺታውን መያዝ ነበረብን። ዘመድ ተሰብስቦ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ሲፈልግ፣ እኔ ለይሉኝታ ያህል ዙሪያዬን ቃኘሁና እሺ አልኩ። በማግስቱ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር

ባለቤቴ አስካለ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ጋቢ ደፍታብኝ በእንፋሎቱ አጠነችኝ። ነጭ ሽንኩርት በማርም አስዋጠችኝ። ዋናው መድኃኒት ግን ግምቢ እስክደርስ አፌን መዝጋት እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን መድኃኒት ከተጋባን ጀምሮ በየቀኑ ታዝዝልኛለች፤ አንድም ቀን ወስጄው አላውቅም።

ጨው የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባን። አብሮኝ የተላከው ሽማግሌ ኦቦ ዲንሳ ነው፤ በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ የሚደክመው ሰው። እኔ የልመናውን ንግግር ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮህኩ ተለማመድኩ። ዲጋ ስንደርስ ድምፄ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ያንቋርር ነበር።

ዲጋ

አንዲት ሙዝ ሻጭ «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት እንዳደርኩ ብትጠይቀኝ፣ ከሚስቴ ጀምሬ እስከ በሬዎቼ ያለውን ደኅንነት ዘረዘርኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ አዘነችልኝና የተወቀጠ ፌጦ ከሎሚ ጋር በጥብጣ ሰጠችኝ። ዐሥር ሳንቲም ከፈልኩ። በአፌ ገብቶ በዓይኔ ወጣ።

ዴዴሳ

ድልድዩ አጠገብ ሙቀቱ ሰውንም ሞተሩንም አፈላው። ሾፌሩ ሞተሩ እስኪበርድ ከመቀመጫው ሥር ጤና አዳም የተዘፈዘፈበት አረቄ አወጣ። መጉመጥመጫ ነው፣ አይዋጥም አለኝ። ኦቦ ዲንሳ የሚሲዮን ሰው ስለሆነ አረቄ አይነካም፤ ምስክር እንዳይሆንብኝም ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ሁለቴ ተጉመጠመጥኩ፤ ሁለቴም ተሳስቼ ዋጥኩት። ዳገቱን ስንጨርስ ድምፄ ከናካቴው ጠፍቶ ነበር።

ግምቢ

ከሰዓት በኋላ ከልጅቷ አባት ከኦቦ ጉዲና ደጅ ቆምን። ወጉን የምታውቁት ነው፤ ለሚስት ልመና የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ የቤቱንም ውኃ አይቀምስም። ኦቦ ጉዲና ወጥቶ ምን እግር ጣላችሁ አለ። አፌን ከፈትኩ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ኦቦ ዲንሳ አየኝ። ሰማዩንም አየ። ከዚያ የዓመቱን ንግግር አደረገ።

«ቦንቱን ለታደሰ ስጡን።»

ያን ያማረ ንግግሬን በሦስት ቃል ጨረሰው። ኦቦ ጉዲና አንገቱን ነቀነቀና ከወር በኋላ ተመለሱ አለ። ክፋት የለውም፤ ልጅ ያለው ሁሉ ሽማግሌ ያመላልሳል። ለእኛ ግን እሁድ ቅርብ ነበር። ልለማመጥ ስል ሳል ያዘኝ፤ አጎንብሼ አጥሩን ጨብጬ ሳልኩ። የፌጦው እንባ ደግሞ ገና አልደረቀም።

የቦንቱ እናት አዴ ጫልቱ ሳሌን ሰምታ ዝንጅብልና ዳማከሴ በማር አፍልታ፣ በትልቅ ኩባያ ይዛ መጣች። ሽታው ብቻ ግማሽ አዳነኝ። እጄ ወደ ኩባያው ሲሄድ ኦቦ ዲንሳ ያዘኝ።

«መልስ ሳይሰማ አይቀምስም» አላት።

እሷም ወደ ባሏ ዞረች።

«አባ ቦንቱ፣ ሰውዬው ደጃችን ላይ ይሙት ነው የምትለው? ልጅህ እንደሆነ ልቧን ነግራሃለች። መድኃኒቱም እየቀዘቀዘ ነው።»

ኦቦ ጉዲና ኩባያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከበሩ ኋላ አጮልቃ የምታየውን ቦንቱን አየ።

«ግቡና ይጠጣ» አለ።

ኦቦ ዲንሳ ግን እጄን አልለቀቀም። «ሰጠኸን ማለት ነው?»

«ኤዬ» አለ ኦቦ ጉዲና፤ እሺ ማለቱ ነው። ሳልቀመጥ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ምላሴም ተቃጠለ።

ወደ ነቀምቴ

በማግስቱ ታደሰ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲጠብቀን፣ ድምፅ አጥቼ ዓይኔ ቀልቶ ሲያየኝ የተከለከለ መስሎት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ተሰጠችህ» አለው ኦቦ ዲንሳ፤ የዚያን ቀን ድርሻውን ጨረሰ። አስካለም ሰምታ ስቃ ስታበቃ፣ መድኃኒቴን በግድህ ወሰድከው አለችኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ዕድሜ ልኬን በንግግሬ ተደነቅሁ ስል ሰው የታገሠኝ መሆኑን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ድምፄ ተመለሰ። አንድ ጎረቤቴም የግምቢውን ወሬ ሰምቶ ለልጁ ሽማግሌ እንድሆንለት ሊለምነኝ መጣ። ደስ ብሎኝ ግምቢ ላይ ያልተናገርኩትን ንግግር ከመጀመሪያው በቃሌ ስወጣለት፣ ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ።

«ውይ፣ ለቀቀዎት እንዴ?» አለ። «እንግዲህ ሌላ ጉንፋን እስኪይዝዎት እንጠብቃለን።»